የምትሽከረከር ኮከብ መስመር፦ ከደብረ ብርሃን ግቢ የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

መስከረም 28

ዝናቡ አባርቷል። ሣጥኑን ዛሬ ጀመርኩት።

ለሁለት ዓመት በሐሳቤ ሳመላልሰው የኖርኩት ሥራ ነው። የኮከብን ብርሃን በየቀለሙ መዘርጋት፣ በኮከቧ ላይ ያሉ ንጥረ ነገሮች ብርሃን ውጠው በመሐሉ የሚተዉአቸውን ጥቋቁር መስመሮች ፎቶ ማንሳት፣ ከዚያ ስፋታቸውን መለካት። ኮከብ በራሷ ዛቢያ ላይ ስትሽከረከር በመስመሮቿ ላይ ምልክት ትተዋለች። ያንን ምልክት እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ከተከራየሁበት ግቢ ሆኜ ማየት እፈልጋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮከብ በእኔ ቴሌስኮፕ ነጥብ ናት። ነጥብ ላይ ሽክርክሪት አይታይም። ብርሃኗ ግን ከመላው ፊቷ ተደባልቆ ነው የሚመጣው። አንደኛው ጠርዟ ወደ እኛ ይመጣል፣ ሌላኛው ይሸሻል። ከሚመጣው ጠርዝ የተነሣው ብርሃን በጥቂቱ ወደ ሰማያዊ ይጠጋል፣ ከሚሸሸው የተነሣው ወደ ቀይ። መሐሉ ባለበት ይቆያል። ሁሉም ተደራርቦ ሲደርሰን ቀጭን መሆን የነበረባት መስመር ሰፍታ ትገኛለች። ስትሰፋ ደግሞ ትሳሳለች። የጎደለው ብርሃን መጠን ያው ነው፤ ጠባብና ጥልቅ የነበረው ጉድጓድ ሰፊ ሜዳ ላይ ተሰራጨ ማለት ነው።

(የሳይንሱን ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የራሴን ቀኖች በእኛው።)

እንግሊዛዊው ዊሊያም አብኒ ይህን ሐሳብ በ1877 ጽፎታል። በደንብ እስኪረጋገጥ ድረስ ግን ብዙ ጊዜ ፈጀ። በ1924 ሮሲተርና ማክላፍሊን እርስ በርስ የሚጋረዱ ጥንድ ኮከቦችን ተከታተሉ። አንዷ ኮከብ ከፊት ስታልፍ መጀመሪያ የሌላዋን አንድ ጎን ትሸፍናለች። የሚመጣው ጎን ከተሸፈነ የቀረው ብርሃን ወደ ቀይ ያጋድላል። ወደ መጨረሻ ደግሞ የሚሸሸው ጎን ይሸፈንና ወደ ሰማያዊ ያጋድላል። ይህን ማጋደል አዩት። በ1929 ሻይንና ስትሩቭ ደግሞ ጥንድ ላልሆኑት ኮከቦችም ከመስመር ስፋት ፍጥነት እንዴት እንደሚገኝ አሳዩ። የእኔ ሥራ የእነሱን መንገድ ተከትሎ መሄድ ነው።

ስሌቱን አስቀድሜ ጨርሻለሁ። የምመርጠው መስመር የማግኒዚየም ነው፣ የብርሃኑ ሞገድ ርዝመት 448.1 ናኖሜትር (የሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ) ላይ ያለው። ጠርዟ በሰከንድ 100 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ኮከብ ይህን መስመር በየጎኑ 0.15 ናኖሜትር ትጎትተዋለች። ስለዚህ መሣሪያዬ 0.15 ናኖሜትርን መለየት መቻል አለበት። ከዚያ ከደከመ ልፋቱ ሁሉ ውኃ በላው።

ጥቅምት 1

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ስንጥቅ ስሠራ ዋልኩ። የኮከቧ ብርሃን ወደ ሣጥኑ የሚገባበት በር ነው። ስፋቱ 25 ማይክሮሜትር መሆን አለበት። የሰው ፀጉር ከዚህ ሁለት ሦስት እጥፍ ይወፍራል።

ሁለት ምላጭ ፊት ለፊት አጋጠምኩ። አንዱን በብሎን አጥብቄ፣ ሌላውን ልል አድርጌ ተውኩት። አሁን ጥያቄው 25 ማይክሮሜትር መሆኑን በምን አውቃለሁ ነው። እንዲህ ያለ ቀጭን ነገር የሚለካ መሣሪያ የለኝም። ብርሃን ራሱ ግን ይለካል። ሱቅ የሚሸጠውን ቀይ ሌዘር ወስጄ በስንጥቁ ውስጥ አሳለፍኩት። ሁለት ሜትር ርቆ ባለው ግድግዳ ላይ አንድ ብሩህ ቦታ፣ በግራና በቀኙ ጨለማ፣ ከዚያ ደግሞ ደብዛዛ ብርሃን ታየ። ስንጥቁ በጠበበ ቁጥር እነዚህ ጨለማዎች እየተራራቁ ይሄዳሉ። በመጀመሪያው ሙከራ የሁለቱ ጨለማ ርቀት 4 ሴንቲ ሜትር ነበር። ሲሰላ 65 ማይክሮሜትር ሆነ። ልሉን ምላጭ በጥፍሬ ጫፍ ነካ አደረግኩት። 7 ሴንቲ ሜትር። እንደገና ነካ። 10 ሴንቲ ሜትር! 26 ማይክሮሜትር ማለት ነው። ትንፋሼን ውጬ ብሎኑን አጠበቅኩ። ሲጠብቅ ተንሸራተተና ወደ 5 ተመለሰ።

ስድስት ጊዜ ደገምኩት። በሰባተኛው ከብሎኑ ሥር ቀጭን የላስቲክ ቁራጭ አኖርኩና ቆመልኝ። 10 ሴንቲ ሜትር ከ2 ሚሊ ሜትር። እስክርቢቶ አንሥቼ ግድግዳው ላይ ምልክት አደረግኩ። አከራዬ ይቅር ይበሉኝ።

ጥቅምት 5

ሣጥኑን አናጢው ጋሼ በኮምፖርሳቶ ሠሩልኝ። ሁለት አሮጌ ባለ 135 ሚሊ ሜትር የካሜራ ሌንሶች አሉኝ። አንደኛው ከስንጥቁ የገባውን ብርሃን ቀጥ ያደርገዋል። በመሐል ግሬቲንጉ አለ፤ በአንድ ሚሊ ሜትር ውስጥ 1,200 ጭረት ያለው መስታወት፣ ከውጭ የመጣ ዘመድ ያመጣልኝ። ጭረቶቹ ብርሃኑን በቀለም ይበትኑታል። ሁለተኛው ሌንስ የተበተነውን ሰብስቦ ካሜራው ላይ ያሳርፈዋል። የካሜራው ክንድ ከመሐሉ መስመር 32 ዲግሪ ተኩል ዘንበል ማለት አለበት፤ የምፈልገው ሰማያዊ ቀለም የሚወጣው በዚያ በኩል ነውና።

ጋሼ ሥዕሉን ገልብጠው ገለባብጠው አዩት። "መምህር፣ ይህን ሣጥን አጣምሜ ሠርቼው ስሜ እንዳይጠፋ" አሉኝ። መታጠፊያው ለምን እንደሚያስፈልግ በሲዲ ጀርባ አሳየኋቸው። ሲዲውን በመስኮቱ ብርሃን አዘነበሉት። ቀለሙ ሲወጣ ዝም ብለው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አነሱና ማዕዘኑን እንደገና ለኩት። ግማሿን ዲግሪ እንኳ አልሳቱም። ውስጡን ጥቁር ቀለም ቀባሁት፣ መጋጠሚያዎቹን በናስትሮ ዘጋሁ።

የቴሌስኮፑ እግር ግን ራስ ምታት ሆኗል። ቴሌስኮፑ ባለ 130 ሚሊ ሜትር መስታወት ነው። እግሩ የሰማዩን ዋልታ ተከትሎ እንዲዞር ነው የተሠራው። ግን የተሠራው ለአውሮፓ ሰው ነው። እኛ በሰሜን 9.7 ዲግሪ ላይ ነን፤ የዋልታዋ ኮከብ ከአድማሳችን በላይ 10 ዲግሪ ገደማ ብቻ ናት። የእግሩ መለኪያ ደግሞ ከ20 በታች አይወርድም። መፍትሔው ብሎኬት ሆነ። አንዱን እግር ወደ ደቡብ አዙሬ ብሎኬት ላይ አቆምኩት፣ ቀሪው ወደ ሰሜን ደፋ አለ። እንዳይገለበጥ በጆንያ ድንጋይ አንጠለጠልኩበት። የዋልታዋን ኮከብ ራሷን ማየት አልቻልኩም። የጎረቤት ባሕር ዛፍ ሰሜኑንና ሰሜን ምዕራቡን ጋርዶታል።

ጥቅምት 8

የመጀመሪያው ሌሊት። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ አልታይር አናቴ ላይ ነበረች ማለት ይቻላል። ለእኛ ለሰሜን ሸዋ ሰዎች በጣም የምትመች ኮከብ ናት፣ ከአናታችን አንድ ዲግሪ እንኳ ሳትርቅ ታልፋለች። ስሟ ከዐረብኛ ነው፤ አል ነስር አል ጣኢር፣ የሚበርረው ንስር ማለት ነው። ነስር ያው የእኛው ንስር ነው።

ሞተር ስለሌለኝ ዘዴ ፈጠርኩ። ስንጥቁን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አጋደምኩት። ምድር ስትዞር ኮከቧ በስንጥቁ ርዝመት ላይ ትንሸራተታለች እንጂ አትወጣም። በ20 ሰከንድ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ትሄዳለች። ይህ ጉዳት የለውም፤ የቀለም ገመዱን ወፈር አድርጎ ለማየት እንዲያውም ይጠቅማል። ምላጮቹን ትንሽ ዘንበል አድርጌ ስለገጠምኳቸው ኮከቧ ስንጥቁ ውስጥ መግባቷን በጎን ባለች መመልከቻ አያለሁ። በስንጥቁ ላይ ያላረፈው ብርሃን በምላጩ ላይ ያብረቀርቃል። ስትገባ ብርሃኑ ይከፈላል። ያቺ ቅጽበት ደስ ትላለች።

40 ፎቶ አነሳሁ። የሃይድሮጅን መስመሮች ወለል ብለው ታዩ፣ 486.1፣ 434.0፣ 410.2። ማግኒዚየም ግን የለም። 448 አካባቢ ያለው ነገር ሁሉ የታሸ ይመስላል።

ጥቅምት 9

ከትናንቱ ፎቶ ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም። መስመሩ የጠፋው ኮከቧ ስለምትሽከረከር ነው ወይስ እኔ ሌንሱን በደንብ ስላላስተካከልኩ? ሁለቱም ተመሳሳይ ነገር ነው የሚያደርጉት። ሁለቱም ያደበዝዛሉ።

አልታይር ፈጣን መሆኗ የታወቀ ነው። ወገቧ ከእኛ ወገን ሲታይ በሰከንድ ወደ 240 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያንን በግማሽ ሰከንድ ትጨርሰዋለች። ግን መጽሐፍ ስለነገረኝ ብቻ "አየሁት" ብል ራሴን መሸወድ ነው።

ጥቅምት 12 እስከ 25

አጠበቅኩ፣ አላላሁ፣ ፈታሁ፣ ገጠምኩ። ውስጡ ሜርኩሪ ያለበት ኃይል ቆጣቢ አምፖል ስንጥቁ ፊት ለኩሼ የሜርኩሪን መስመር አነሳሁ። 435.8 ላይ ያለችው ሰማያዊ መስመር 7 ፒክስል ስፋት ወጣች። አንድ ፒክስል 0.022 ናኖሜትር ነው፤ 0.15 ማለት ነው። ልክ የተመኘሁት! ለአልታይር ግን ያው ደብዛዛ ነው። የአምፖል ብርሃን በስንጥቁ ውስጥ እንደ ኮከብ አይገባም፤ ሌንሱን የሚሞላው በሌላ መንገድ ነው። ስለዚህ የአምፖሉ ማስረጃ ሙሉ እምነት አልሰጠኝም።

የሚያስፈልገኝ ማወዳደሪያ ነው። ቀርፋፋ እንደሆነች የታወቀች፣ ስል መስመር ያላት ኮከብ። ቬጋ ትሆነኝ ነበር፣ ግን ከባሕር ዛፉ ጀርባ ናት። ሲሪየስ ደግሞ ከፍ የምትለው እኩለ ሌሊት አልፎ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ክፍል መግባት አለብኝ። እጠብቃለሁ።

ኅዳር 17

ከተማው ውስጥ መብራት ሞልቷል፣ ወደ ደቡብ ያለው አድማስም ቤት ነው። ስለዚህ ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ዕቃውን በባጃጅ ጭነን በአንኮበር መንገድ ወጣ አልን። ዛሬ የምንፈልጋት አኬርናር ናት። ይህችን ኮከብ የአውሮፓ ሰው ከአገሩ ሆኖ አያያትም ማለት ይቻላል። እኛ ግን ማታ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ በደቡብ በኩል 23 ዲግሪ ከፍ ብላ እናገኛታለን።

ብርዱ ይቆነጥጣል። በርኖስ ለብሼም ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። የካሜራው ባትሪ በግማሽ ሰዓት ሞተ። ሁለተኛውን ብብቴ ሥር ይዤ አቆየሁት። የቴሌስኮፑ ቱቦ ላይ ውርጭ ማበብ ጀምሮ ነበር።

30 ፎቶ ተገኘ። አኬርናር ከአልታይር በጣም ትሞቃለች፣ ስለዚህ ከማግኒዚየሙ ጎን በ447.1 የሂሊየም መስመር አላት። በሁለቱ መካከል አንድ ናኖሜትር ብቻ ነው ያለው። በእኔ ፎቶ ላይ ሁለቱ ተያይዘው አንድ ሰፊ ዝቅታ ሆነዋል። ተመልሶ ያው ጥያቄ፦ ሽክርክሪት ነው ወይስ የእኔ ሌንስ?

ስለ አኬርናር አንድ ነገር ልጻፍ። በ2003 በቺሊ ያሉ ቴሌስኮፖች ብርሃናቸውን አጣምረው ሲለኳት ወገቧ ከዋልታዎቿ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ሰፍቶ አገኙት። በኋላ በተሠራው ጥናት ቁጥሩ ወደ 1.35 ወረደ። በዙሪያዋ ጋዝ አለ፣ እሱንም ቆጥሮ ማውጣት ያስፈልጋል። እንዲህ ያሉ ኮከቦች አንዳንዴ በጨለማው መስመራቸው ቦታ ብሩህ መስመር ያሳያሉ። አባ ሴኪ የሚባሉ ጣሊያናዊ ካህን በ1866 ጋማ ካሲዮፒያ በምትባል ኮከብ ላይ አይተውታል። ስትሩቭ በ1931 ፈጣን ሽክርክሪት ከወገባቸው ጋዝ ስለሚወረውር ቀለበት ይፈጠራል አለ። የቀለበቱን መወለድ ሙሉ በሙሉ የሚያስረዳው ሽክርክሪቱ ብቻ አይደለም፣ ግን ያለ እሱ አይሆንም።

ስንመለስ ባልደረባዬ የከተማችንን ስም አነሳ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እዚህ ቦታ ላይ ብርሃን በሰማይ አይተው ደብረ ብርሃን አሉት ይባላል። በ1456 የሃሌይ ኮሜት ታይታ ነበር፣ ሁለቱን የሚያገናኙ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። ባጃጁ ውስጥ ሣጥኑን በጭኔ አቅፌ ይህን ሳስብ ብርዱ ቀለለኝ።

ታኅሣሥ 11

የፈተና ሰሞን ስለሆነ ሥራው ቆሟል። አንድ ነገር ግን መመዝገብ አለብኝ።

የአልታይርን ግራፍ ለተማሪዎቼ አሳየኋቸው። ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ መስመሩ ሲሰፋ ፍጥነት ከሆነ፣ ይቺ የሃይድሮጅኗማ በጣም ሰፊ ናት። ከእሷ ለምን አይሰላም?" አለኝ።

ኑ እናስላው አልኩ። የሃይድሮጅኑ ክንፍ ከመሐሉ ወደ ሦስት ናኖሜትር ይሄዳል። በ434 ላይ ይህ ስንት ነው? በሰከንድ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ! ሰሌዳው ላይ ተጻፈ። ከዚያ ኮከቧን የሚይዛት ስበት ምን ያህል ፍጥነት እንደሚችል አሰላን። እንዲህ ያለች ኮከብ በ400 አካባቢ ወገቧ መበተን ይጀምራል። ክፍሉ ዝም አለ። ልጁ ራሱ ነው መልሱን ያመጣው፤ "እንግዲያው ሌላ ነገር ነው የሚያሰፋው።"

ልክ ነው። ሃይድሮጅንን የሚያሰፋው ግፊት ነው። በኮከቧ ከባቢ ውስጥ የሚራወጡ ኤሌክትሪክ ያላቸው ቅንጣቶች አቶሙን እየተጠጉ ደረጃዎቹን ያዛቡታል። ሃይድሮጅን በዚህ በጣም ይነካል። ስለዚህ ለሽክርክሪት የሚሆነው እንደ ማግኒዚየም ያለ በዚህ ብዙ የማይነካ መስመር ነው። ይህን ለማስረዳት አንድ ክፍለ ጊዜ መድቤ ነበር። ልጁ በሁለት ደቂቃ ቀደመኝ።

ሌላዋ ደግሞ "የእኛስ ፀሐይ?" አለች። የእኛ ፀሐይ በወገቧ በሰከንድ 2 ኪሎ ሜትር ብቻ ትሄዳለች፣ አንድ ዙር 25 ቀን ይፈጅባታል። ይህ መስመሩን የሚያሰፋው በ0.003 ናኖሜትር ነው። የእኔ መሣሪያ 50 እጥፍ የተሻለ መሆን አለበት። ፀሐይን የሚመስሉ ኮከቦች መግነጢሳዊ ነፋሳቸው እንደ ፍሬን ይይዛቸዋል፣ ከዕድሜያቸው ጋር እየቀነሱ ይሄዳሉ። የሞቁት እነ አልታይር ያ ፍሬን የላቸውም።

ጥር 2

መጣች!

ሲሪየስ። ማታ 4 ሰዓት ላይ ከባሕር ዛፉ ወዲህ፣ ንጹሕ ሰማይ ላይ። ምንም ነገር አልነካሁም። ሌንሱን አልነካሁም፣ ስንጥቁን አልነካሁም። ያው በጥቅምት ካስተካከልኩት ወዲህ የነበረው ሣጥን ነው። በጣም ስለምትደምቅ 8 ሰከንድ በቃት።

ኮምፒውተሩ ላይ ስከፍተው 448.1 ላይ መርፌ የመሰለች ዝቅታ ቆማለች። ጥልቀቷ ከዙሪያዋ ብርሃን ወደ 20 በመቶ። ስፋቷን ለካሁ፣ 7 ፒክስል። የሜርኩሪው አምፖል የሰጠኝ ያንኑ 7 ነው። ሲሪየስ በሰከንድ 16 ኪሎ ሜትር አካባቢ ናት፣ ይህ ለመሣሪያዬ ከዜሮ አይለይም። ስለዚህ የማየው የራሱን የመሣሪያውን ስፋት ነው። ሌንሱ ጤነኛ ነበር። ሁሉም ነገር ጤነኛ ነበር። አልታይርን ያሰፋት መዞሯ ነው!

ሌሊት 7 ሰዓት ላይ የጥቅምቱን 40 ፎቶ አውጥቼ እንደገና ደማመርኳቸው። አሁን የት ማየት እንዳለብኝ አውቃለሁ። እዚያው ነበረች። ሰፊ፣ ስስ፣ 8 በመቶ የምትጠልቅ እንደ ድስት ክዳን የተገለበጠች ዝቅታ። ለሦስት ወር ዓይኔ ሥር ሆና እንደ ስሕተት ቆጥሬያታለሁ። በግምት ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 0.7 ናኖሜትር። ግማሹ 0.35፣ ማለትም 234 ኪሎ ሜትር በሰከንድ። አጠገቧ ያሉ የብረት መስመሮች ስለተደባለቁባት ይህን ቁጥር በ30 ከፍና ዝቅ አድርጌ ነው የምይዘው።

ከሐሙስ እስከ ሐሙስ ቢነገር አያልቅም ደስታዬ። ጎረቤት ስለተኛ ነው ያልጮህኩት።

ጥር 6

ዛሬ ቅዳሜ ነው። እትዬ፣ አከራዬ፣ ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ የበግ ፀጉር ይፈትሉ ነበር። ስለ ቬጋ የማስበው ነገር ስላለ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ቬጋ ሁልጊዜ እንደ ቀርፋፋ ኮከብ ትታይ ነበር። መስመሮቿ ስል ናቸው፣ ከስፋታቸው የሚወጣው 22 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ብቻ ነው። በ1994 ግን ተመራማሪዎች ስስ መስመሮቿ ከታች ጠፍጣፋ መሆናቸውን አስተዋሉ። ይህ የቀርፋፋ ኮከብ ጠባይ አይደለም። በ2006 በቀጥታ ሲለኳት በወገቧ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ በሰከንድ እንደምትከንፍ ታወቀ። ዋልታዋን ወደ እኛ አዙራ ነው ያለችው።

እትዬን እንዝርታቸውን ለአፍታ እንዲያውሱኝ ለመንኳቸው። ከክቧ ክፍል ጠርዝ ላይ በእስክርቢቶ አንዲት ነጥብ አደረግኩ። ከዚያ "እንደገና ያዙሩት" አልኳቸው። ከጎን ሳየው ነጥቧ ወደ እኔ ትመጣለች፣ ትሄዳለች፣ ትመጣለች፣ ትሄዳለች። ተነሥቼ ከላይ አየሁት። ነጥቧ ዙሪያዋን ትዞራለች እንጂ አትቀርበኝም፣ አትርቀኝም። የዶፕለር ለውጥ፣ ያ ወደ ሰማያዊና ወደ ቀይ ማጋደል፣ የሚያውቀው ደግሞ መቅረብንና መራቅን ብቻ ነው። እንዝርቱ ያው ነው፣ ፍጥነቱም ያው። የተለወጠው የእኔ መቆሚያ ነው።

ስለዚህ ከመስመር ስፋት የማገኘው ቁጥር ሁልጊዜ ዝቅተኛው ነው። ኮከቧ ቢያንስ በዚህ ፍጥነት ትዞራለች ማለት እችላለሁ። ከዚህ በላይ ልትሆን ትችላለች። ሰፊ መስመር ያላት በእርግጥ ፈጣን ናት፤ ስል መስመር ያላትን ግን ቀርፋፋ ናት ብዬ መፍረድ አልችልም። በጥቅምት ማስታወሻዬ ላይ "ቀርፋፋ" ያልኩት "ስል መስመር ያላት" መባል ነበረበት።

እትዬ እንዝርቱን ስመልስላቸው ነጥቧን አይተው "ልጄ፣ ይህ ቀለም በፈትሉ ላይ እንዳይወጣ" አሉኝ። በሳሙና አጠብኩላቸው።

የካቲት 8

ሬጉሉስ። ማታ 4 ሰዓት፣ ከምሥራቅ ወደ አናት እየወጣች። 60 ፎቶ፣ እያንዳንዱ 30 ሰከንድ። ከተማው ውስጥ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሰማዩ እንደ ገጠር ሆነ፣ ሥራዬ አማረ።

ይህች ከሁሉም ትብሳለች። ማግኒዚየሟ 5 በመቶ ብቻ ነው የምትጠልቀው፣ 60 ፎቶ ካልተደመረ ጨርሳ አትታይም። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 0.9 ናኖሜትር። በግራ በኩል ያለችው ደካማ የሂሊየም መስመር ሊነካት ደርሷል። ግማሹን ስወስድ 300 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ይመጣል። በ2005 የታተመው ልኬት 317 ነው። ስሕተቴን በ40 ገምቼ ስለነበር ቁጥሩ በወሰኔ ውስጥ ገባ!

ይህች ኮከብ በ16 ሰዓት ገደማ አንድ ዙር ትጨርሳለች። ከፀሐይ በብዙ የምትበልጥ ኮከብ፣ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ! ወገቧ ከዋልታዎቿ በሲሶ ያህል ሰፍቷል። ሲሰፋ ደግሞ ይቀዘቅዛል። ወገቡ ከመሐሉ ስለራቀ ስበቱ ይላላል፣ በዚያ በኩል የሚወጣው ሙቀት ይቀንሳል። ፎን ዛይፔል ይህን በ1924 በሒሳብ አስቀምጦታል። በ2007 አልታይርን በሥዕል ባወጧት ጊዜ ዋልታዎቿ 8,500 ዲግሪ አካባቢ፣ ወገቧ 6,900 አካባቢ ሆኖ ተገኘ። ይህ ለእኔ ልኬትም ትርጉም አለው። በፍጥነት የሚሮጠው ወገብ ደብዛዛ ከሆነ፣ ለመስመሩ ጠርዝ የሚያዋጣው ብርሃን አነስተኛ ነው። ጠርዙ ከብርሃኑ ሸካራነት ጋር ይቀላቀልና መስመሩ ከእውነተኛው ጠበብ ብሎ ይለካል። የእኔ 300 ከ317 ዝቅ ያለው በከፊል በዚህ ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

መጋቢት 4

ዙሩን ልዘጋ ሌሊት 10 ሰዓት ተነሣሁ። አልታይር በዚህ ወር ከንጋት በፊት በምሥራቅ ትወጣለች። ቬጋም በሰሜን ምሥራቅ አለች፣ ባሕር ዛፉ በዚህ በኩል አይጋርዳትም። በጥቅምት ያጣሁትን ዛሬ አገኘሁ። ሁለቱን በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ሣጥን፣ ምንም ሳልነካ።

ቬጋ መጀመሪያ፣ 15 ፎቶ። አልታይር ቀጥላ፣ 11 ሰዓት ላይ 30 ዲግሪ ያህል ከፍ ስትል፣ 25 ፎቶ። መጨረሻ ላይ የሜርኩሪ አምፖሉ። ሦስቱን በአንድ ገጽ ላይ አንዱን ከሌላው በላይ አድርጌ ሳልኳቸው። የአምፖሉ መስመር 7 ፒክስል። የቬጋ ማግኒዚየም 7፣ አንዳንድ ቦታ 8። የአልታይር ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 33። የጥቅምቱ 0.7 ናኖሜትር በፒክስል ሲቆጠር 32 ነበር።

ከቤተ ክርስቲያን የኪዳን ድምፅ ይሰማል። እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ሲወጡ እኔን ብርድ ልብስ ተከናንቤ ኮምፒውተሩ ላይ አጎንብሼ አገኙኝ። ጠጋ ብለው አዩት። ስሏን መስመርና ሰፊዋን በጣታቸው አሳይተው፣

"የትኛዋ ናት የምትዞረው?" አሉኝ።

"ሁለቱም ናቸው፣ እትዬ።"

ትንሽ አሰቡ። "እንግዲያው አንዷን ከላይ ነው የምታያት" አሉና በሩን ቀስ ብለው ዘግተው ሄዱ።

ሰማዩ ሲነጣ 4 ፎቶ ቀርቶኝ ነበር። አልታይር ላይ ጨረስኩት።